የቆመ ባጃጅ አማካዩን እያወረደብኝ ነው፤ ዜሮውን እንዴት ላውጣው?

ባለ ሦስት ባጃጅ፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለናንተ። ኤክሴል የምታውቁ ልጆች አንድ ነገር አስረዱኝ። ነገሩ የቁጥር ቢመስልም የሰው እንጀራ አለበት።

ሦስት ባጃጆች አሉኝ። አንዱን ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ገዛን፤ ሁለቱን እኔ በዕቁብ። ብዙ ባለ ባጃጅ ሹፌሩን በቁርጥ ገቢ ነው የሚያሠራው። እኔ ቁርጥ አልወድም። ልጁ ቀኑ ሲከፋበት ቁርጡን ለመሙላት እኩለ ሌሊት ድረስ ይሮጣል፤ ባጃጁንም ራሱንም ይጎዳል። ስለዚህ የዋለበትን ማታ ቆጥረን እንካፈላለን። ታዲያ እንዲህ ሲሆን መመዝገብ ግድ ነው። ልጄ ለዕረፍት መጥታ ኤክሴል አስጀመረችኝ፤ የጥቅምትን አብራኝ ሞልታ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያለሁት እኔና ላፕቶፑ ነን።

መዝገቡ ይህን ይመስላል። ኤ ኮለም ላይ ቀኑ አለ፣ ቢ ላይ የባጃጁ ቁጥር (1፣ 2 ወይም 3)፣ ሲ ላይ ዕለቱ፣ ዲ ላይ የቀኑ ገቢ፣ ኢ ላይ ማስታወሻ። 3 ባጃጅ በ30 ቀን 90 መስመር ነው፤ ከ2 እስከ 91። (ስልኬ ላይ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ብቻ ስለሆነ ፎርሙላውን በድምፁ ነው የምጽፈው። እናንተ ወደ ፈረንጅ ፊደል መልሱት።)

ልጄ ያስተማረችኝ ይቺን ነበር፦

=አቨሬጅኢፍ(ቢ2:ቢ91, 2, ዲ2:ዲ91)

ቢ ላይ 2 የሆነውን ፈልግና የዲውን አማካይ ስጠኝ ማለት ነው። ሠርታለች። ለ1 ቁጥር 765 ብር፣ ለ2 ቁጥር 660፣ ለ3 ቁጥር 773 ሰጠችኝ። እኔም የ2 ቁጥሩን ልጅ ጠርቼ «ከጓደኞችህ በቀን ከ100 ብር በላይ ታንሳለህ፤ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አልኩት። ልጁ ዝም ብሎ አየኝና «ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ የተኛበትንም ከኔ ላይ ቆጠርሽው?» አለኝ።

ቤት ገብቼ ሳየው እውነቱን ነው። ባጃጁ የቆመበት ቀን ሁሉ ዜሮ ተብሎ ተሞልቷል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዜሮውን ሳይቆጥር አማካይ እንዲሰጠኝ ምን ልጻፍ? ሁለተኛ፣ ባለቤቴ «ዓርብ የሞተ ቀን ነው፤ ባጃጆቹ ቤት ይዋሉ» ይለኛል። የዓርብን ለብቻ ላወጣ ብዬ ሲ ኮለም ላይ "አርብ" የሚለውን ፈልግ ስለው #ዲቪ/0! የሚል ጽሑፍ ይሰጠኛል። ዓርብ እኮ ሞልቷል! በዓይኔ እያየሁት።

ፎርሙላ ወዳጅ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎ ችግር ቀላል ነው። ሁለት ቅድመ ሁኔታ ስላለዎት መጨረሻዋ ላይ «ስ» ያላትን ይጠቀሙ፦

=አቨሬጅኢፍስ(ዲ2:ዲ91, ቢ2:ቢ91, 2, ዲ2:ዲ91, ">0")

ባጃጁ 2 ይሁን፣ ገቢውም ከዜሮ ይብለጥ ማለት ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአቨሬጅኢፍ አማካዩ የሚወጣለት ኮለም መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ በአቨሬጅኢፍስ ግን መጀመሪያ ላይ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሁሉም ኮለሞች እኩል ርዝመት ይኑራቸው፤ አንዱ እስከ 91 ሌላው እስከ 90 ከሆነ ስህተት ይልዎታል። ">0" የግድ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ።

#ዲቪ/0! ማለት «ያሉትን የሚያሟላ አንድም ቁጥር አላገኘሁም፤ ለዜሮ ማካፈል አልችልም» ማለት ነው። እንዳይታይዎት ከፈለጉ ፎርሙላውን ኢፍኤረር ውስጥ ይክተቱት፤ በምትኩ ባዶ ያሳይዎታል።

ባለ ሦስት ባጃጅ፣ ድሬዳዋ

ልጄ ተባረክ። ግን «እርስዎ» አትበለኝ፤ እዚህ ድሬ ከአንቱታ ጋር አንዋደድም። አንቺ በለኝ።

ሠራልኝ! 1 ቁጥር 850፣ 2 ቁጥር 900፣ 3 ቁጥር 800። አያችሁ? ላባርረው የነበረው ልጅ ከሁሉም በላይ ሆኖ አረፈው። ነገ ጠዋት ወደ ከፊራ ገበያ ሳይወጣ ይዤው ይቅርታ ልጠይቀው ነው።

ዓርብ ግን እንዳለ ነው። ኢፍኤረር ያልከውን ሳደርግ ስህተቱ ጠፋ፤ ዓርብም አብሮ ጠፋ።

የሒሳብ መምህር፣ ሳቢያን

አቦ ቆዪ! ይቅርታውን ለአንድ ቀን አቆዪው።

እኔ መምህር ስለሆንኩ በኔው ልንገርሽ። ፈተና ቀን ያልመጣ ተማሪና መጥቶ ዜሮ ያገኘ ተማሪ አንድ ናቸው? አይደሉም። የታመመውን ሌላ ቀን እፈትነዋለሁ፤ ዜሮ ያገኘው ግን ዜሮው ነው። ">0" ብለሽ ስትጽፊ ሁለቱንም ነው ጠራርገሽ ያወጣሻቸው። ባጃጁ ጋራዥ የቆመበት ቀን የልጁ ጥፋት አይደለም። ልጁ በርጫ ላይ ተኝቶ ሳይወጣ የቀረበት ቀንስ? እሱም ዜሮ ነው። እሱንም ምረሽለታል።

ዜሮ ለምን ዜሮ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ አይነግርሽም። ኢ ኮለም ላይ ማስታወሻ አለ ብለሻል። እሱን ተጠቀሚ፦

=አቨሬጅኢፍስ(ዲ2:ዲ91, ቢ2:ቢ91, 2, ኢ2:ኢ91, "<>ጋራ*")

"<>" ማለት «ያልሆነ» ነው። ኮከቧ ደግሞ «ከዚህ በኋላ የፈለገው ይምጣ» ማለት ናት። ጋራዥም ብለሽ ጻፊው ጋራጅም፣ «ጋራዥ፣ ሞተር ወርዶ» ብለሽም ጻፊው፣ ሁሉንም ትይዝልሻለች። ማስታወሻው ባዶ የሆነበት ቀን እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፤ ልክም ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ዜሮ አትጻፊ፣ ባዶ ተይው» ይልሻል። እውነት ነው፤ ባዶ ሴል አማካይ ውስጥ አይገባም፣ ዜሮ ግን ይገባል። እኔ አልወደውም። ከሦስት ወር በኋላ ስታዪው ባጃጁ ቆሞ ነው ወይስ ማታ መመዝገብ ረስተሽ? አታውቂውም።

አሁን ወደ ዓርብሽ። ከላይ ያለው ወንድማችን ኢፍኤረር ያለው ለእኔ ቁስል ላይ ሻሽ መጠምጠም ነው። ቁስሉን እንየው እስቲ። አንቺ ፎርሙላው ውስጥ የጻፍሽው "አርብ" ነው። ልጅሽስ ሲ ኮለም ላይ የጻፈችው በየትኛው አ ነው? ተምራለችና በዓይኑ ዓ «ዓርብ» ብላ ይሆናል። ለእኛ ሲነበብ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን አ እና ዓ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ እንደ በ እና ለ። ሐሙስም እንዲሁ ነው፦ ሐሙስ፣ ሀሙስ፣ ኀሙስ። «ሠራ» እና «ሰራ»ም።

ዓርብስ ደግ ነው፤ ጮኾ ነገረሽ። እኔ የምፈራው ሐሙስን ነው። ግማሹ በሐ፣ ግማሹ በሀ ከተጻፈ ስህተት አይልሽም። ካገኛት ግማሽ ላይ አማካይ ሠርቶ ቁጭ ያደርግልሻል፤ አንቺም ታምኚዋለሽ። ስለዚህ አማካይ ከመጠየቅሽ በፊት ብዛት ጠይቂ፦

=ካውንትኢፍስ(ሲ2:ሲ91, "ሐሙስ")

የ2017 ጥቅምት ዓርብ ነው የገባው። ስለዚህ 5 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ ሌላው 4፣ 4 ነው። ሐሙስ 4 ጊዜ 3 ባጃጅ፣ 12 መውጣት አለበት። ከ12 ካነሰ ፊደል በልቶብሻል።

ለጊዜው ማለፊያው የጥያቄ ምልክት ነው። "?ርብ" ብለሽ ጻፊ፤ የጥያቄ ምልክቷ የማንኛውንም የአንድ ፊደል ቦታ ትይዛለች። ለሐሙስ "?ሙስ"። ዘላቂው ግን ዕለቱን በእጅ መጻፍ መተው ነው። ዳታ ቫሊዴሽን የሚባል አለ፤ ሊስት ብለሽ ሰባቱን ዕለት አንድ ጊዜ ትሞያለሽ፣ ከዚያ በኋላ መምረጥ ብቻ ነው። ከተቸገርሽ ከሰዓት አልሠራም፣ መጥቼ አሳይሻለሁ። በዚህ ሙቀት ከምሳ በኋላ ማን ይሠራል።

ባለ ሦስት ባጃጅ፣ ድሬዳዋ

መምህር፣ እንዲያው ምን ልበልህ።

ሐሙስን ቆጠርኩት። 7 አለኝ። ከ12 ውስጥ 7! አምስቱ በሀ ነው የተጻፉት፤ እኔ ራሴ የሞላኋቸው ናቸው። ልጄ በሐ፣ እኔ በሀ። ቤታችን ውስጥ ሁለት ሐሙስ ነበር ለካ።

ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ። ማስታወሻው ላይ ሁሉም አልተሞላም ነበር፣ ከደብተር እያየሁ ሞላሁት። 2 ቁጥር ዜሮ የሆነበት 8 ቀን ነው። 6ቱ ጋራዥ። 2ቱ ልጁ የቀረበት። ይቅርታዬን ማቆየቴ ጥሩ ሆነ። 1 ቁጥር 3 ዜሮ አለው፦ 1 ቀን ጋራዥ፣ 2 ቀን ሹፌሩ ቀርቶ። 3 ቁጥር 1 ቀን ብቻ፣ እሱም ጎማ ጉዳይ ጋራዥ።

ያልከውን ፎርሙላ ስጽፍ 2 ቁጥር 825፣ 3 ቁጥር 800፣ 1 ቁጥር 791 ሆነ። ልጁ እንደ ትናንቱ 900 አይደለም። ግን አሁንም አንደኛ ነው። የ1 ቁጥሩ ደግሞ «እኔ ሁለተኛ ነኝ» ሲል ነበር፤ መጨረሻ ሆኖ ተገኘ። አፉን ይዟል።

ኪሳራ የማይወድ

እኔ በዚህ አልስማማም። እትዬ፣ ባጃጁ ጋራዥ ሲቆም የጋራዡን የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ዕቁቡ «ዛሬ ሞተር ወርዷል» ብትይው ይምርሻል? ለኪስሽ እውነተኛው ቁጥር ያ መጀመሪያ ያየሽው 660 ነው። ሌላው መጽናኛ ነው።

የሒሳብ መምህር፣ ሳቢያን

ልክ ነህ፣ ግን ሌላ ጥያቄ እየመለስክ ነው። ልጁን በ825 ትዳኘው፣ ባጃጁን በ660። 2 ቁጥር ባጃጅ ይሸጥ ወይስ ይቆይ ብላ ስታስብ ዜሮዎቹን ሁሉ ትቁጠር፤ ያኔ መጀመሪያ የጻፈቻት ተራዋ ፎርሙላ ናት ትክክሏ። ፎርሙላው አልተሳሳተም ነበር። የባጃጁን መልስ ይዛ ልጁን ጠራችው እንጂ።

ከጀጎል

ከሐረር ነኝ። ጀጎል ውስጥ የአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሒሳብ እይዛለሁ። ማንም ያላነሳው አንድ ነገር ስላለ ነው ጣልቃ የገባሁት፤ እኔን አቃጥሎኛል።

ኤ ኮለም ላይ ቀኑን በኛ አቆጣጠር 1/2/2017 እያልሽ ከሆነ የምትጽፊው፣ ኤክሴል ጥቅምት 1 ብሎ አይረዳሽም። የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ቀን ቀድሞ በሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ነው የሚመስለው። ዕለቱን ራሱ እንዲነግርሽ ብትጠይቂው ረቡዕ ይልሻል። መምህሩ እንዳለው ጥቅምት 1 ግን ዓርብ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ወር 2 በነሱ 28 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 29። ስለዚህ 29/2/2017 እና 30/2/2017 ብለሽ ስትጽፊ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ስህተት አይልሽም፣ ምንም አይልሽም። አሁን 90 መስመር ብቻ ስለሆነ አልተሰማሽም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲጨመሩ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለውን አማካይ» ማለትሽ አይቀርም። ያኔ ጥቅምት 29 እና 30 ከሒሳቡ ውጪ ናቸው። ጥቅምት 29 ደግሞ ዓርብ ነው፣ 30 ቅዳሜ!

እኔ የተቃጠልኩት በጳጉሜ ነው። 13ኛ ወር ለሱ የለም። የ2016 ጳጉሜ አምስቱም ቀን ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። የዓመቱን የአንድ ሌሊት አማካይ ገቢ አውጥቼ ለባለቤቱ አስረከብኩ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማረፊያው ሞልቶ ነበር፤ እሱ ከቁጥሩ የለም። ባለቤቱ በቃሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ «ጳጉሜን የት ጣልካት?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስ።

መፍትሔዬ ቀላል ነው። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ኮለሞች እጽፋለሁ። ወሩን በስሙ። «ጥቅምት» የሚለውን እንደ አንድ ቅድመ ሁኔታ ፎርሙላው ውስጥ ማስገባት ነው። ወሮቹንም ከዝርዝር ምረጫቸው፤ ኅዳር እና ህዳር ያጣላሉ።

ሌላ ቶሎ የምታይበት ምልክት ልንገርሽ። ራስሽ ካላዛወርሽው በስተቀር ቁጥርና ትክክለኛ ቀን ሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ ጽሑፍ ወደ ግራ። ዲ ኮለም ላይ «850 ብር» ብለሽ የጻፍሽው ካለ ወደ ግራ ሄዶ ታገኚዋለሽ። እሱም ጽሑፍ ነው፣ አማካዩ ውስጥ አይገባም። ቁጥሩን ብቻ ጻፊ፤ «ብር» እንዲታይ ከፈለግሽ በቁጥር ፎርማት ነው።

ባለ ሦስት ባጃጅ፣ ድሬዳዋ

አየሁት። ጥቅምት 29 እና 30 ስድስቱም መስመር ግራ ተጠግተው ቆመዋል፤ እንደተቀጣ ተማሪ። «ብር» ያለበት ግን የለኝም፤ ልጄ ተቆጥታኝ ነበር።

ዓርብም ወጣልኝ። በ"?ርብ"፣ ጋራዥ ሲወጣ፦ 742 ብር። ቅዳሜ 1,014። የቀሩት ቀናት ደግሞ ዓርብ ያልሆነ፣ ቅዳሜ ያልሆነ፣ ጋራዥ ያልሆነ ብዬ ስጽፍ 761። ዓርብና ተራ ቀን ልዩነታቸው 19 ብር! ለባለቤቴ አሳየሁት። «የሶላት ሰዓት ላይ ግን ሰው የለም» አለኝ። ሰው የለም፣ አውቃለሁ፤ ከሶላት በፊትና በኋላስ? እሱን ደብተሩ አይጽፈውም ብዬው ዝም አለ።

ግን አንድ ነገር አልሆነልኝም። ዓርብና ቅዳሜን አንድ ላይ ላወጣ ሁለቱንም አንድ ፎርሙላ ውስጥ ስጽፍ ያ #ዲቪ/0! ተመልሶ መጣ። ለጊዜው 742 እና 1,014 ደምሬ ለሁለት አካፈልኩት፤ 878።

የሒሳብ መምህር፣ ሳቢያን

አቨሬጅኢፍስ «እና» እንጂ «ወይም» አያውቅም። ዓርብም ቅዳሜም የሆነ ቀን ስጠኝ ነው ያልሽው፤ እንዲህ ያለ ቀን የለማ።

878ቱን ግን ሰርዢው። የአማካዮች አማካይ አማካይ የሚሆነው ብዛታቸው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ዓርብ ላይ ጋራዥ የነበሩ ባጃጆች ስላሉ የተቆጠረው 13 መስመር ይመስለኛል፣ ቅዳሜ 15። ድምሩን በሰምኢፍስ ለየብቻ አውጪና ደምሪ፣ ብዛቱን በካውንትኢፍስ እንዲሁ፣ ከዚያ አካፍዪ። 887 ከምናምን ይመጣልሻል።

ባለ ሦስት ባጃጅ፣ ድሬዳዋ

887.71። እውነትህን ነው፣ 13 እና 15 ነበሩ።

የጀመርኩትን ልጨርስላችሁ። ዛሬ ጠዋት ሦስቱንም ሹፌሮች ጠርቼ ሻይ ጋበዝኳቸው፣ ላፕቶፑንም ከፈትኩላቸው። የ2 ቁጥሩን ልጅ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። 825ቱን አይቶ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ግን የቀረባቸውን ሁለት ቀን ሲያይ «አንዱ እኮ የእህቴ ሰርግ ነው፤ አንቺም ነበርሽ፣ በልተሻል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነበርኩ።

አሁን ማስታወሻው ላይ «ሰርግ» የሚል እንጨምር አንጨምር እየተከራከርን ነው። የ1 ቁጥሩ ደግሞ «ሰርግ ከገባ ሙቀትም ይግባልኝ» እያለ ነው።